የጭፍርግ ሁለት ስሞች

መስከረም ሲጠባ ቢጫ ቀለም ሁሉ የዐደይ አበባ ይሆናል። ገጣሚው ለዐደይ ይጽፋል፤ ዘፋኙ ዐደይን ይጠራል፤ ልጃገረዶችም «አበባየሆሽ» እያሉ ይዘዋት የሚዞሩት እሷኑ ነው። በዚያው ወር፣ በዚያው ዳገት ላይ፣ ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ ሌላ ቢጫ መኖሯን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ካላስተዋሉት ወገን ነበርሁ። ዐደይ ዓመታዊ እንግዳ ናት፤ መጥታ፣ ተወድሳ ትሄዳለች። ይህችኛዋ ግን ሥሯን ሰድዳ ከዓመት ዓመት የምትኖር ነዋሪ ናት፤ ለነዋሪ ደግሞ ማን ይዘፍናል?

በኮተቤ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ጀርባ ወደ የካ ተራራ በሚወጣው የእግር መንገድ ዳር ነው መጀመሪያ ልብ ያልኋት። ከብት በረገጠው፣ ጎርፍ በጠረገው፣ ምንም አይበቅልበትም በሚባል ጠጠራማ መሬት ላይ ተጨፍራ ቆማለች። አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥቤ ወደ ቤት ወሰድሁና ሦስት ምሽት መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሸሁ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አዛውንት ከደጃፌ ቆመው ቅርንጫፉን አዩና፣ «ምነው ልጄ፣ ግቢህን ልትጠርግ ነው?» አሉኝ። «ያውቋታል እንዴ እማማ?» ብላቸው፣ «ጭፍርግን የማያውቅ አለ?» ብለው ሳቁብኝ። የሦስት ምሽት ድካሜ በአንድ ጥያቄ ተጠናቀቀ።

ይሁንና ድካሙ ከንቱ አልነበረም። ዕፅን ለይቶ ማወቅ የራሱ ሥርዐት አለውና እሱን በአጭሩ ልተርክ።

መጀመሪያ አበባዋን አየሁ። አምስት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች አሏት፤ ከመካከላቸው አንዲት አጭር ምሰሶ ትቆማለች። ወንዴ ክፍሎቹ እንደ ብዙው አበባ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አልቆሙም፤ ክሮቻቸው ተጋጥመው ቱቦ ሠርተዋል፤ እንስቴውም በዚያ ቱቦ ውስጥ ዐልፎ ከላይ ብቅ ይላል። ይህች ምሰሶ የጥጥ ቤተሰብ ማኅተም ናት። የጥጥን አበባ በአዋሽ እርሻዎች፣ የባምያን አበባ በጓሮ፣ የከርከዴን አበባ በቆላ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ መጠኗ ይለያይ እንጂ አቋሟ አንድ ነው። ቀጥሎ ቅጠሏን በአጉሊ መነጽር ተመለከትሁ። በላይዋ ያለው ጸጉር እንደ ኮከብ ጨረር ከአንድ ነጥብ ወደየአቅጣጫው የተበተነ ነው፤ ይህም የዚያው ቤተሰብ ምልክት ነው። ሦስተኛው ምልክት በእጅ የሚታወቅ ነው፤ ልጧን ሲስቡት እንደ ክር ይመዘዛል እንጂ አይበጠስም። ሸማችንን የሚሰጠን የጥጥ ክር ከፍሬው ሲወጣ የዚህችኛዋ ከልጧ መውጣቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ቤተሰቧ ታወቀ፤ ቤቷስ? አበባውን ከሥር የሚያቅፈውን አረንጓዴ ጽዋ ገልብጬ አየሁት። ጥጥና ከርከዴ ከዚህ ጽዋ በታች ሌላ ሁለተኛ የቅጠሎች ዙሪያ አላቸው፤ እሷ ግን የላትም። ፍሬዋ ሲደርቅ እንደ ብርቱካን ክፍልፋይ ይለያያል፤ በየክፍሉ ያለው ዘር አንድ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ሲዳ ከሚባለው ወገን ደጃፍ ያደርሳሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ እኅት አለቻት፤ ብዙ ጊዜ ጎርጀጅት የምትባለው ናት። የጎርጀጅት ቅጠል በመሐሉ ሰፍቶ በሁለቱም ጫፍ የሚጠብ ነው። የእኔዪቱ ግን ቅጠሏ ትንሽ፣ ከሥሩ ጠባብ፣ ጥርሱ ወደ ጫፉ ያደላ፣ በቅርንጫፉ ላይም የታጨቀ ነው። አበባዋም ቀኑን ሙሉ አትቆይም፤ ማለዳ ለሚወጣ መንገደኛም ሆነ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛ ተከድና ትጠብቀዋለች። አለመታወቋን ስታዘብ ይህን ጠባይዋንም ከምክንያቶቹ ቈጥሬዋለሁ።

እንግዲህ የመጽሐፍ ስሟ እንዲህ ይጻፋል፦ ሲዳ ሺምፐሪያና፣ ሆኽሽት. ኤክስ አ. ሪሽ.። ለአላፊ አንባቢ ይህ የላቲን ድግምት ይመስላል። እኔ ግን ከሦስቱ ምሽቶች አንዱን ሙሉ ያሳለፍሁት በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው፤ አንድ ቅጠል ከእኛ አገር ተነሥታ እንዴት ስም ይዛ እንደ ተመለሰች የሚናገር የታሪክ ሰነድ ሆና አግኝቻታለሁና።

«ሲዳ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው። የአሪስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ለአንድ የውኃ ተክል የተጠቀመበት ሲሆን፣ ስዊድናዊው ሊኔዎስ ከብዙ ዘመን በኋላ አንሥቶ ለዚህ ወገን ሰጠው። ስለዚህ በውኃ ለሚኖር ተክል የነበረ ስም ለደረቅ ዳገት ተላለፈ። (የስዊድን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅትም በአጭሩ ሲዳ ይባላል፤ ከተክሏ ጋር ዝምድና የለውም። ኋላ ግን እንደምናየው ስዊድን በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሳ ትገባለች።)

«ሺምፐሪያና» የሰው ስም ነው። ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 የተወለደ ጀርመናዊ ነበር። ወንድሙ ካርል ሺምፐር «የበረዶ ዘመን» የሚለውን ቃል ለሳይንስ ያበረከተው ሰው ነው፤ ይህንንም ያደረገው በ1837 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ቪልሄልም በምጽዋ በኩል ወደ እኛ አገር ገባ። አንዱ ወንድም ከቤቱ ሳይርቅ ያለፈውን ዘመን ሲያስብ ሌላው በዐድዋ ዙሪያና በሰሜን ተራሮች ቅጠል ይለቅም ጀመር። የላከው በኤስሊንገን ከተማ የነበረ አንድ የተጓዦች ማኅበር ነው። የማኅበሩ አሠራር ዕቁብን ያስታውሰኛል፤ አባላቱ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሰብሳቢው ሩቅ አገር ይሄዳል፣ የደረቀው ቅጠል ሲመጣ እንደ መዋጮአቸው ይካፈሉታል። አንድ ዐይነት ተክል በብዙ ቅጂ ተሰብስቦ ስለሚከፋፈል፣ ከአንድ የዐድዋ ጕብታ የተለቀመ ቅጠል በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተበትኖ ይገኛል። ይህም ኋላ በጀ፤ በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. የበርሊኑ የዕፀዋት ግምጃ ቤት በጦርነቱ እሳት ሲወድም፣ በሌሎች ከተሞች የነበሩት ቅጂዎች ተርፈዋል።

ሺምፐርን ግን እንደ ሌሎቹ ተጓዦች መጥቶ የሄደ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። የደጃዝማች ውቤ ወዳጅ ሆነ፤ የእንትጮ ግዛት ተሰጠው፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ወለደ። የደረስጌ ማርያምን ሕንፃ ሥራ የመራው እሱ እንደ ሆነ ይነገራል። የነገሩ ምጸት ግልጽ ነው። ውቤ ለራሳቸው ክብር ባሠሯት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ያደረጉት ካሳ ኃይሉ «ዐፄ ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ጫኑባት። ሺምፐርም ግዛቱን ዐጣ፤ ከጊዜ በኋላም ቴዎድሮስ ከያዟቸው አውሮፓውያን ጋር ተቈጥሮ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ፍጻሜ ጋር ነፃ ወጣ። የዚያን ጊዜ ወደ አገሩ የሚመልሰው የእንግሊዝ ጦር አጠገቡ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ዐድዋ ተመለሰ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1878 ዐረፈ። ከመጣ ዐርባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ለውጭ አገር ሰው ክብር የሚሰጥ ስም ካለ፣ ለዚህ ሰው ባይሰጥ ለማን ይሰጣል? እላለሁ።

ቀጣዩ «ሆኽሽት.» የሆኽሽቴተር ምኅጻር ነው። ክርስቲያን ሆኽሽቴተር በኤስሊንገን የነበረ ቄስና መምህር፣ የማኅበሩም አንዱ መሪ ነበር። ከሺምፐር የሚመጣውን ጥቅል እየፈታ በየቅጠሉ ላይ ስም የሚለጥፈው እሱ ነው። ኢትዮጵያን አላያትም፤ ጭፍርግንም በሕይወት አላያትም። የደረቀች፣ የጠፈጠፈች፣ ቢጫዋ የደበዘዘባት ቅጠል ፊቱ ቀረበች፤ ወዳጁንም አስቦ «የሺምፐር ሲዳ» አላት። ሰዎች ዐይተዋት ኖረው የጠሯት ስም ነበራት፤ ያላያት ሰው ያወጣላት ስም ግን የዓለም ስሟ ሆነ።

ይሁን እንጂ በዕፀዋት ሥነ ሥርዐት በወረቀት ቍራጭ ላይ የተጻፈ ስም ሙሉ ስም አይባልም፤ መልኳ ተገልጾ በመጽሐፍ መታተም አለበት። «ኤክስ» የምትለዋ ቃል የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ያወጣው የፊተኛው፣ በኅትመት ያጸናው የኋለኛው ማለት ናት። የኋለኛው «አ. ሪሽ.» ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው፤ ከ1847 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. በታተመው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፉ ውስጥ አሰፈራት። ሪሻርም ኢትዮጵያን አላያትም።

ታዲያ ለመጽሐፉ ቅጠሎቹን ማን አመጣለት? ከሺምፐር ጥቅሎች ሌላ፣ በቴዎፊል ለፌቭር መሪነት እ.ኤ.አ. በ1839 ከመጡት ፈረንሳውያን መካከል ሁለት ወጣት ሐኪሞች ነበሩ፤ ካርተን ዲዮንና አንቷን ፔቲ። ካርተን ዲዮን በ1840 እ.ኤ.አ. በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ። ፔቲ ሦስት ዓመት ያህል ብቻውን ሲሰበስብ ቈይቶ በ1843 እ.ኤ.አ. ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ወደ ፓሪስ የደረሱት የለቀሟቸው ቅጠሎች ናቸው። ሪሻር የሠራው መጽሐፍ በከፊል የሁለት ሟቾች አደራ ነው፤ በዚያች በሁለት ፊደል በምትጻፈው «ኤክስ» ጀርባ እኔ አሁን መረብንና ዓባይን አያለሁ። የተጓዦቹን ድካም የሚያናንቅ ሰው ይህን ታሪክ ያላነበበ ነው።

ነገር ግን ሌላም ያልተነበበ አለ። ሺምፐር ዐድዋ እንደ ገባ በየትኛው ጐዳና እንደሚሄድ፣ የትኛው ተክል በየትኛው ወር እንደሚያብብ ያሳየው ማን ነው? መንገድ የመሩት፣ በቅሎ የጫኑት፣ «ይህ ለሆድ ነው፣ ይህ ለዐይን ነው፣ በዚህ ግቢ እንጠርጋለን» ያሉት ሰዎች በስሙ መስመር ውስጥ የሉም። አንድ ምኅጻር እንኳ አልተተወላቸውም። የአገሬው ስም በላቲኑ መጽሐፍ ሊገባ አይችልም ነበር እንዳይባል፣ የገባባቸው አሉ። ጤፍ እ.ኤ.አ. በ1775 ጣልያናዊው ዙካኚ በስሙ ጠርቶት እስከ ዛሬ በላቲኑም «ቴፍ» ነው። እንሰትም ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በስሙ ስለ ጻፈው ወገኑ ሁሉ በዓለም ላይ «ኤንሴቴ» ይባላል። ኮሶ ግን አልታደለም፤ ለጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ለሀገን መታሰቢያ ሆኖ ቀረ። ኑግም ለፈረንሳዊው ፖለቲከኛ ለጊዞ ተሰጠ፤ ጊዞ የኑግ ወጥ በልቶ ያውቅ ይሆን? የሺምፐር ድርሻማ ብዙ ነው። አጥራችን ሰንሰል (ስሚዛ የሚሉትም አሉ) ሺምፐሪያና ነው፤ ሰሳም ሺምፐሪያና ነው፤ ጭፍርግም እንደዚያው። አጥሩም፣ ጥላውም፣ መጥረጊያውም የአንድ ሰው ሆኑ።

እንዲህ ስል ቂም እንዳልያዝሁ ይታወቅልኝ። ላቲኑ ያስፈልጋል። «ጭፍርግ» በአንዱ አውራጃ አንዷን፣ በሌላው እኅቷን ሊሆን ይችላል፤ መጥረጊያ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ስም የሚጠራ አገርም አለ። የሁለት አገር ሊቃውንት ስለ አንድ ተክል ሲነጋገሩ የማይናወጥ ስም ይሻሉ። ጥያቄዬ አንዱ ሲጻፍ ሌላው ለምን ይሠረዛል ነው።

ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ያነሡና የመለሱም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለት የደረቁ ዕፀዋት ግምጃ ቤት፣ የተመሠረተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስለ አገሩ ቅጠል ለመመስከር ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ለንደን መሄድ ነበረበት። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በስዊድን መንግሥት ገንዘብ ድጋፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራ ተጀመረ። ይኸው ስዊድን ተመልሳ ገባች፤ የሊኔዎስ አገር ለሲዳ ዕዳዋን ከፈለች ብል ቀልድ አይሆንብኝም። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎችም የደከሙበት ይህ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. እስኪጠናቀቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። የጥጥ ቤተሰብ የሚገኝበት ክፍል የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የዘር ጥናት ቤተሰቡን አስፍቶታል፤ ቀድሞ ለየብቻ ይቈጠሩ የነበሩት ለንቋጣና ወልክፋ፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ ካካኦ፣ ዛሬ ከጭፍርግ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ለእኔ ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ከዚህ ትልቅ ሥራ በፊት የተጀመረው ትሑት መጽሐፍ ነው፤ የደን ባለሙያው ወልደ ሚካኤል ከለቻ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ዕፀዋት ስሞች መፍቻ። በዚያ መጽሐፍ ላቲኑ በአንድ በኩል፣ የአገሬው ቋንቋዎች በሌላው በኩል ተሰልፈው ይተያያሉ።

ወደ ኮተቤ እንመለስ። ጭፍርግ የቆመችበት ዳገት ራሱ ስሙንም መልኩንም የለወጠ ዳገት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የእንጦጦ ሰንሰለት ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት እየተቈረጠ አለቀ፤ ማገዶ ከማጣት የተነሣ ዋና ከተማው ሌላ ቦታ ሊዛወር ተቃርቦ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደን ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጾመኛ ነው፤ ከጥላው በታች የሚበቅል ጥቂት ነው። ከየካ እስከ እንጦጦ ጫፍ የወደቀ ቅጠል ጠርገው፣ ጭራሮ ለቅመው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የዚህ ዛፍ ሌላው ታሪክ ናቸው። ጽዱ ሲሄድ፣ ባሕር ዛፉ ሲመጣ ጭፍርግ በየመንገዱ ዳርና በየግጦሹ ጠርዝ ኖራለች። ለመኖር ለም መሬት አልጠየቀችም፤ ተረግጣ መልሳ ታቈጠቍጣለች።

አሁን የሚያሰጋት ሌላ ነው። በኮተቤ ቤቶቹ በየዓመቱ ወደ ተራራው አንድ እርምጃ ይወጣሉ፤ የእግር መንገዱ ኮብልስቶን ለበሰ፤ ግቢው ሲሚንቶ ሆነ። ሲሚንቶ የሚጠረገው በፕላስቲክ መጥረጊያ ነው፤ የጭፍርግ መጥረጊያ የአፈር ግቢ ወዳጅ ናት። ከጎረቤቶቼ ልጆች ለአንዱ ቅርንጫፉን ባሳየው «አበባ ናት» አለኝ እንጂ ስም አልሰጠኝም። እናቱም አመነቱ፤ አያቱ ግን ከሩቅ ጠሩት።

በማግሥቱ ከእማማ ጋር ወደ ዳገቱ ወጣን። እሳቸው እጃቸው ለምዶታልና ግንዷን ከሥር አጥፈው፣ ሥሯን ሳይነቅሉ ቈረጡ፤ «ሥሯን ከነቀልህ ለከርሞ ምን ልትጠርግበት ነው?» አሉኝ። እኔ አበባና ፍሬ አንድ ላይ የያዘች ቅርንጫፍ መርጬ በጋዜጣ ገጾች መካከል ዘረጋኋት። ጋዜጣው ምን እንደሚያደርግ ጠየቁኝ፤ አድርቄ፣ በወረቀት ላይ ለጥፌ፣ ስም እጽፍባታለሁ አልኋቸው። «ስም አላት እኮ» አሉኝ።

በወረቀቱ ላይ ቦታውን ኮተቤ፣ የካ ተራራ ግርጌ ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በላይኛው መስመር ጭፍርግ፣ ከሥሩም ሲዳ ሺምፐሪያና፤ ስሙን የነገሩኝ ሰው በሚለው ቦታ ደግሞ የእማማን ስም ከነአባታቸው፣ እሳቸውን አስፈቅጄ። የቀረውን ቅርንጫፍ በልጧ አሥረው ወሰዱት። ማታ ስመለስ የደጃፋቸው አፈር እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠረ ሰረዝ ሰረዝ ነበረበት፤ በሰረዞቹም መካከል ጥቂት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ወድቀው ነበር።